«ካናቢስ ልማር ብል አባቴ ተቆጣ»

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ አሁን በአንድ የቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ እሠራለሁ። አሜሪካ ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ካናቢስን በቤተ ሙከራና በማሳ፣ በተግባር እንደሚያስተምሩና ምርምርም እንደሚያካሂዱበት ካነበብኩ ወዲህ ልቤ እዚያው ነው። ለቤተሰብ ሳማክር ግን አባቴ ‹ሐሺሽ ልትማሪ ነው ያስተማርኩሽ?› ብሎ ተቆጣ። ወንድሜ ‹ካናቢስ ብለሽ ከጻፍሽ ቪዛ አታገኚም› ይለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ‹ተግባር ካላሳየሽ አይቀበሉሽም፤ ጓሮሽ ውስጥ ሁለት ሦስት ዘር ተክለሽ ተለማመጂ› አለኝ። ማንን ልስማ? ከየትስ ልጀምር? ዘ. ነኝ፣ ከኮምቦልቻ።»

እኅታችን ዘ.፣ አብሽሪ፤ ጥያቄሽ የሚያሳፍር አይደለም። ጊዜ የማይሰጠው የባልደረባሽ ምክር ስለሆነ ግን ከእሱ እንጀምር። አትትከዪ። ጓሮም ቢሆን፣ በጣሳም ቢሆን፣ አንዲት ፍሬም ብትሆን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማምረትንና ማዘዋወርን በጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ ይቀጣል። «ለትምህርት ነው» ወይም «ይሄ ሄምፕ (የማያደነዝዘው የካናቢስ ዓይነት) ነው እንጂ ሐሺሽ አይደለም» ማለት ፖሊስ ፊት ያዋጣኛል ብለሽ አታስቢ።

ጣጣው በዚህ አያበቃም። ዲኤስ-160 የሚባለው የአሜሪካ የቪዛ ቅጽ ቁጥጥር ስለሚደረግባቸው ዕፆች የወጣ ማንኛውንም ሕግ ጥሰሽ ታውቂ እንደሆነ በቀጥታ ይጠይቃል። ጓሮ የተተከለችው ችግኝ እዚያ ጥያቄ ላይ ስትደርሺ ወይ ታስከለክልሻለች ወይ ታስዋሽሻለች። በቪዛ ማመልከቻ ላይ ሆን ብሎ መዋሸት ደግሞ ለብቻው የሚያስከለክል ጥፋት ነው፤ በጊዜ ብዛትም አይጠፋም።

ደግሞስ ምን ሊጠቅምሽ? እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ዘር ጥሎ ውኃ የሚያጠጣ ሰው አላጡም። ያጡት ሲመዝን የማይሳሳት፣ ሲያቀጥን የሚጠነቀቅ፣ ማሽኑ የሰጠውን ቁጥር ከማመኑ በፊት የሚጠረጥር ሰው ነው። አንቺ በየቀኑ የምትሠሪው ሥራ ለዚህ ካሰብሽው በላይ ቅርብ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ስለ ትምህርቱ። ካናቢስ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ቢፈቀድም በፌዴራሉ ሕግ አሁንም ቁጥጥር ሥር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ የሚተዳደሩት በፌዴራል ገንዘብ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የግብርና ሕግ ግን በደረቅ ክብደት ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ዴልታ-9 ቲ.ኤች.ሲ. (አደንዛዡ ንጥረ ነገር) ያለበትን ተክል «ሄምፕ» ብሎ ከዕፅ ዝርዝሩ አወጣው። ስለዚህ ብዙዎቹ ተማሪያቸውን የሚያለማምዱት በሄምፕ ነው፤ አለዚያም ጭራሽ በሌላ ሕጋዊ ተክል። ከዚያ በላይ ያለውን ለመንካት ዲኢኤ ከሚባለው የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለብቻው መመዝገብ፣ የሚቆለፍ ካዝና፣ በግራም የሚቆጠር መዝገብ ያስፈልጋል። እዚያ ክፍል የሚገባው ጥቂት ተመራማሪ ነው። ማስታወቂያው ላይ «በተግባር» ሲሉሽ ይህን እያሰብሽ አንብቢው።

ስሞቹን እናንሳ፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ሚሺጋን ውስጥ ማርኬት ከተማ ያለው ኖርዘርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 «የመድኃኒት ተክሎች ኬሚስትሪ» የሚል የመጀመሪያ ዲግሪ ከፍቶ መንገዱን ጠረገ። ሌክ ሱፒሪየር ስቴት በ2019፣ ኮሎራዶ ስቴት ፑዌብሎ በ2020 ተከተሉ። ካል ፖሊ ሀምቦልት በ2023 የጀመረው ወደ ማኅበረሰብና ወደ አካባቢ ጥናት ያደላ ነው። ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ናቸው፤ አንቺ ደግሞ አንድ አለሽ። ሁለተኛ ባችለር ለመያዝ ከኪስ ከፍሎ አራት ዓመት መቀመጥ በኛ ግምት የገንዘብ ብክነት ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት በ2019 የጀመረው የሁለተኛ ዲግሪ ስሙ ያማልላል፤ ሆኖም በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። ፒፔት አያስይዝም፤ ከቤት ሆኖ ለሚማረው የተማሪ ቪዛም አያሰጥም። ለሐኪምና ለፋርማሲስት ጥሩ ነው፤ ለአንቺ አይሆንም።

ለአንቺ የሚሆነው ስሙ ላይ «ካናቢስ» የሌለበት ነው። የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1968 ጀምሮ ለአሜሪካ መንግሥት ምርምር ካናቢስ ሲያበቅል ኖሯል፤ እስከ 2021 ድረስም በፌዴራል ፈቃድ ለምርምር የሚያመርተው እሱ ብቻ ነበር። ተማሪው ግን የሚመዘገበው በፋርማሲ ሳይንስ ነው፣ ዘርፉም ፋርማኮግኖሲ፣ ማለትም የመድኃኒት ተክሎች ጥናት። ኦሪገን ስቴት በ2019 የሄምፕ ማዕከል ከፍቷል፤ የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ በሄምፕ ላይ ከ2014 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ በ2022 የካናቢስ ማዕከል አቋቁሟል። እዚህም የሚገባው በኬሚስትሪ፣ በአትክልት ሳይንስ ወይም በዕፅዋት በሽታ ጥናት በኩል ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የካናቢስ ምርምር ማዕከል ከ2000 ጀምሮ አለ፤ ሥራው ግን በሕመምተኛ ላይ የሚደረግ ክሊኒካዊ ጥናት ስለሆነ የአንቺ መስመር አይደለም። እና ስትፈልጊ «የካናቢስ ዲግሪ» ብለሽ አትፈልጊ። «አናሊቲካል ኬሚስትሪ» ብለሽ ግቢ፤ ከመምህራኑ ዝርዝር ውስጥ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት በሄምፕ ወይም በካናቢኖይድ (እንደ ቲ.ኤች.ሲ. ባሉ የካናቢስ ንጥረ ነገሮች) ላይ ያሳተመውን ለይተሽ አውጪ። በእንዲህ ያለው ክፍል ለማስተርስና በተለይ ለዶክትሬት አሲስታንትሺፕ ይገኛል፤ እያስተማርሽ ወይም እየተመራመርሽ የትምህርት ክፍያሽ ይሸፈናል፣ ወርኃዊ ገንዘብም ይሰጥሻል።

አሁን ሥራው ምን እንደሚመስል በቅርበት እንይ፤ ከዚህ በኋላ ለአባትሽም መልስ ይኖርሻል። ተክሉ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ቲ.ኤች.ሲ. ራሱ አይደለም፣ አሲዱ ነው፤ ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. ይባላል። ሙቀት ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና ቲ.ኤች.ሲ. ይሆናል። የአሲዱ ሞለኪውላዊ ክብደት 358.5፣ የቲ.ኤች.ሲ. 314.5 ነው፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ስታካፍዪ 0.877 ይመጣል። ስለዚህ ጠቅላላ ቲ.ኤች.ሲ. ማለት ቲ.ኤች.ሲ. ሲደመር 0.877 ጊዜ ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. ነው። አንድ የሄምፕ ናሙና ቲ.ኤች.ሲ. 0.05፣ ቲ.ኤች.ሲ.ኤ. 0.30 በመቶ ተገኘበት እንበል። የመጀመሪያውን ብቻ ያየ «ሕጋዊ ነው» ብሎ ይፈርማል። የሚቆጠረው ግን ጠቅላላው ነው፤ 0.05 + 0.263 = 0.313፤ ገደቡን አለፈ። ነገሩ እዚህም አያልቅም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደንብ ቤተ ሙከራው የልኬቱን እርግጠኛ ያለመሆን መጠን አብሮ እንዲያሳውቅ ያዛል። ያንቺ ልኬት በ0.03 ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ውጤቱ ከ0.283 እስከ 0.343 ይሆናል፤ 0.3 በመሐል ስለገባ ማሳው ይተርፋል። በ0.01 ወዲያና ወዲህ ከሆነ ዝቅተኛው 0.303 ነው፤ ያ ሰብል እንደ ሄምፕ አይሸጥም። የአንድ ገበሬ የዓመት ልፋት በዚች ቁጥር ላይ ተንጠልጥሏል።

ማሽኑም ያታልላል። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባለው የንጥረ ነገር መለያ ማሽን ናሙናውን መግቢያው ላይ በኃይል ስለሚያሞቀው አሲዱን እዚያው ይለውጠዋል፤ የቱ ከተክሉ እንደመጣ፣ የቱ ማሽኑ ውስጥ እንደተፈጠረ አይለይም። በጋዝ ፋንታ በፈሳሽ የሚለየው ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሲ.ቢ.ዲ. (የማያደነዝዘው የካናቢስ ንጥረ ነገር) እና ቲ.ኤች.ሲ. ደግሞ ቀመራቸውም ክብደታቸውም አንድ ስለሆነ ክብደት ብቻ የሚያይ መሣሪያ አይለያቸውም፤ መጀመሪያ በኮለም፣ ማለትም በማሽኑ መለያ ቱቦ፣ መለያየት አለባቸው።

ይህን ሁሉ ካናቢስን ሳትነኪ መለማመድ ትችያለሽ፤ ያውም አሁን ባለሽበት ቤተ ሙከራ። ፋብሪካችሁ ቢራውን ለማምረር የሚጠቀምበት ሆፕስ ከካናቢስ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። (ጌሾ መራራነቱ ቢያመሳስለውም ሌላ ቤተሰብ ነው፤ ለዚህ አይሆንሽም።) የሆፕስ ቢጫ ዱቄትና የካናቢስ ሙጫ የሚመነጩት ከተመሳሳይ ጥቃቅን የዕጢ ፀጉሮች ነው። ማይርሲን፣ ሁሙሊንና ካርዮፊሊን የሚባሉት የሽታ ቅመሞች በሁለቱም አሉ። ሁለቱም አሲዳቸው በሙቀት ይለወጣል፤ የሆፕሱ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይለቅም፣ ቅርጹን ብቻ ይቀይራል። የቢራ መራራነት ስትለኪ በአይሶኦክቴን አውጥተሽ 275 ናኖ ሜትር ላይ የሚውጠውን ብርሃን አንብበሽ በ50 የምታባዢው ያንኑ ቅርጹን የቀየረውን አሲድ ነው።

ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ በዪና ከሆፕሱ ከራሱ ጀምሪ። ፔሌቱን ሌሊቱን ፍሪዘር አሳድሪና ቀዝቃዛ እንዳለ ፍጪው። ሳይቀዘቅዝ ከተፈጨ ቢጫው ሙጫ ወፍጮው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀርና ውጤትሽ ዝቅ ይላል፤ በካናቢስ ቤተ ሙከራም ጀማሪው የሚወድቀው እዚሁ ላይ ነው። 5 ግራም መዝኚ፣ እስከ ሦስተኛው የአሥርዮሽ ቤት። በ100 ሚሊ ሊትር ቶሉይን ለ30 ደቂቃ ነቅንቂው፣ እስኪጠራ አስቀምጪው። ከጠራው 5 ሚሊ ሊትር ወስደሽ በሜታኖል እስከ 100 ሙዪ። ከዚያ ላይ 3 ሚሊ ሊትር ወስደሽ በአልካሊ ሜታኖል እስከ 50 ሙዪ፤ አልካሊ ሜታኖሉ ለ100 ሚሊ ሊትር ሜታኖል 0.2 ሚሊ ሊትር 6 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የገባበት ነው። ሆፕስ የሌለበት ባዶ ማወዳደሪያ በተመሳሳይ መንገድ አዘጋጂና ሳትዘገዪ 275፣ 325 እና 355 ናኖ ሜትር ላይ አንብቢ። የአልፋ አሲድ (የሆፕሱ መራራ አሲድ) በመቶኛ የሚገኘው የ325ቱን ንባብ በ73.79 አባዝተሽ፣ ከእሱ የ355ቱን በ51.56፣ የ275ቱን በ19.07 አባዝተሽ ቀንሰሽ፣ የቀረውን በ0.667 ስታባዢው ነው። ንባቦቹ በቅደም ተከተል 0.17፣ 0.60 እና 0.62 ቢሆኑ 6.05 በመቶ ታገኛለሽ። የ275ቱን ለ325ቱ ብታካፍዪ ደግሞ 0.28 ይመጣል፤ ይህ የሆፕሱን እርጅና የሚናገር ቁጥር ነው፣ ትኩስ ሆፕስ 0.25 አካባቢ ይሆናል።

የሚበላሽበትን ቦታ እንንገርሽ። ኩቬትሽ (ናሙና ማንበቢያ ብልቃጥሽ) ኳርትዝ ካልሆነ ብርጭቆውም ፕላስቲኩም 275 ላይ ራሱ ብርሃን ይውጣል፤ ትኩሱ ሆፕስ ያረጀ ይመስልሻል። አልካሊ ሜታኖል ውስጥ የገባው ናሙና በብርሃንና በአየር ቶሎ ይበላሻል፤ ሻይ ጠጥተሽ ተመልሰሽ የምታነቢው አይደለም። ቶሉይን ይተናልና ጠርሙሱ ተከፍቶ ከቆየ መጠኑ ጎድሎ ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ፊውም ሁድ (ተን የሚስብ መሥሪያ ሣጥን) ከሌለ ጭራሽ አትጀምሪው። ተራው የናይትራይል ጓንት ቶሉይንን ብዙ አይመክትም፤ ከፈሰሰብሽ ወዲያው ቀይሪ። ፍሳሹን ቧንቧ ውስጥ አትድፊ፣ በተለየ ጀሪካን አጠራቅሚ።

ከዚያ ያንኑ ሆፕስ ሦስት ቦታ ክፈዪው፦ ፍሪዘር፣ መደርደሪያ ላይ፣ 40 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ። ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጊዜ ለኪ፤ አማካዩንና የልኬቱን መዋዠቅ መዝግቢ። ይህ ሙሉ የመቆያ ዕድሜ ጥናት ነው፤ ባልደረባሽ «ተግባር አሳዪ» ያለሽን ያሟላል። ነገር ግን ሆፕሱም ኬሚካሉም የፋብሪካው ስለሆነ ከአለቃሽ የጽሑፍ ፈቃድ ያዢ። የፋብሪካውን የምርት ውጤት ለውጭ ሰው አትላኪ፤ ለጥናቱ ያዘጋጀሽውን የራስሽን ብቻ። ፋብሪካው አይ.ኤስ.ኦ. 17025 የሚባለውን የቤተ ሙከራ ብቃት ደረጃ አሠራር ከጀመረ የውስጥ ኦዲት ቡድኑ ውስጥ አስገቡኝ በያቸው፤ እዚያ ማዶ ያሉ መርማሪ ቤተ ሙከራዎች የሚተዳደሩት በዚያው ደረጃ ነው።

ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ወይም ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነክተሽ የማታውቂ ከሆነ ወደ ተመረቅሽበት ክፍል ተመለሺና ማሽን ያለውን መምህር ጠይቂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ጦስኝ ይዘሽ ሂጂ። የደጋው ጦስኝ ቲሞልና ካርቫክሮል አለው፤ እነዚህም እንደ ሲ.ቢ.ዲ. እና ቲ.ኤች.ሲ. ክብደታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም 150.2። የመለያየት ትምህርቱ ያው ነው፤ የሚጠይቅሽም ፖሊስ የለም። ፀሐይ ላይ የደረቀ አትግዢ፣ ዘይቱ ሄዷል፤ እርጥቡን ገዝተሽ ጥላ ላይ አድርቂ። 100 ግራም በ1 ሊትር ውኃ ክለቨንጀር (ዘይት በእንፋሎት ማውጫ ዕቃ) ላይ ለ3 ሰዓት አፍዪ። እሳቱ ከበረታ ቅጠሉ ሥር ይዞ ያርና ዘይቱ የጭስ ሽታ ይይዛል፤ ማቀዝቀዣው ከሞቀ ደግሞ ዘይቱ በጣሪያ ይወጣል። የተገኘውን በደረቅ ሶዲየም ሰልፌት ውኃውን አስወግደሽ ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ፍሪጅ አስቀምጪ። ማሽን ላይ ከመጫንሽ በፊት በ0.45 ማይክሮን ማጣሪያ ማሳለፍሽን አትርሺ፤ የሰው ኮለም የደፈነች ተማሪ ሁለተኛ አትጠራም። የካናቢኖይድ ስታንዳርድ (መጠኑ የታወቀ ማወዳደሪያ) ግን ትንሽም ብትሆን ከውጭ ለማዘዝ አትሞክሪ። በአሜሪካ በአንድ ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም የያዙ ብልቃጦች ለቤተ ሙከራ በቀላሉ ይሸጣሉ፤ ወደ እኛ አገር ለማስገባት ግን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል።

ልብሽ ከማሽኑ ይልቅ ወደ ማሳው ካዘነበለ ሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብሽ ነው። በማሽላም ይሁን በጥራጥሬ አንድ ክረምት የመደብ አጣጣልና የናሙና አወሳሰድ ያየ ሰው ሄምፕ ማሳ ላይ እንግዳ አይሆንም።

ለፕሮፌሰሮች መጻፊያው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። በነሐሴ ለሚጀምረው ትምህርት የብዙዎቹ ማመልከቻ ታኅሣሥና ጥር ውስጥ ይዘጋል። ኢሜይሉ ከአንድ ስልክ ገጽ አይለፍ፦ የፕሮፌሰሩን አንድ ጽሑፍ አንብበሽ ያልገባሽን አንድ እውነተኛ ጥያቄ፣ ከዚያ ያንቺን የሆፕስ ሠንጠረዥ በሁለት መስመር፣ ከዚያ ለየትኛው ዓመት ተማሪ እንደሚቀበል። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» የሚለውን ተዪው፤ በቀን ብዙ ይደርሳቸዋል። መልስ ከሰጠሽ እነዚህን ጠይቂው፦ ቤተ ሙከራው የዲኢኤ ምዝገባ አለው ወይስ በሄምፕ ብቻ ነው የሚሠራው? ከውጭ የመጣ ተማሪ እዚያ ክፍል ይገባል? ማሽኑን ተማሪው ራሱ ያንቀሳቅሰዋል ወይስ ቴክኒሺያኑ ነው የሚሠራለት? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ «በተግባር» ተብሎ ከመስተዋት ኋላ ቆሞ ማየት ብዙ ቦታ አለ።

ወንድምሽ ግማሹን እውነት ብሏል። ካናቢስን ማጥናት ቪዛ አያስከለክልም፤ ከሕግ ውጭ መያዝ፣ መጠቀም፣ መነገድ ነው የሚያስከለክለው። ቃለ መጠይቁ ላይ አትደብቂ። «የማጠናው አናሊቲካል ኬሚስትሪ ነው፤ የሄምፕና የመድኃኒት ተክሎችን ጥራት መመርመር» ብለሽ እውነቱን በአጭሩ ተናገሪ። እዚያ ከደረስሽ በኋላ ያለው ወጥመድ ይብሳል። በግዛት ፈቃድ የሚሠሩ የካናቢስ እርሻዎች፣ መደብሮች፣ መርማሪ ቤተ ሙከራዎችም ሳይቀሩ ለልምምድ ይጠሩሻል፤ አሜሪካዊቷ ጓደኛሽ ትሄዳለች። ኢሚግሬሽን ግን የሚመራው በፌዴራሉ ሕግ ስለሆነ ያው ሥራ ለተማሪ ቪዛ ባለቤት መባረርንና ሁለተኛ አለመግባትን ሊያመጣ ይችላል። በ2019 የአሜሪካ የኢሚግሬሽን አገልግሎት በዚህ ዘርፍ መሥራት ዜግነት ለሚጠይቅ ሰው እንኳ እንቅፋት ሊሆን እንደሚችል በመመሪያ አስታውቋል። ልምምድሽን በሄምፕ፣ በምግብ፣ በውኃ ወይም በመድኃኒት ቤተ ሙከራ አድርጊ። ከመፈረምሽ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ፣ ከተቻለም የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቂ። መጠቀሙማ የተፈቀደበት ግዛት ውስጥም ቢሆን ለአንቺ አልተፈቀደም። ለእረፍት ስትመጪም ለእናቴ ጉልበት ብለሽ የሲ.ቢ.ዲ. ቅባት ሻንጣ ውስጥ አትክተቺ፤ እዚያ ከመደርደሪያ የሚነሣ ዕቃ ቦሌ ላይ ሌላ ስም አለው።

አባትሽን በተመለከተ፣ ስለ ተክሉ አትከራከሪያቸው። አውቀውም ይሁን ሳያውቁ አንድ ነገር ልክ ናቸው፤ ስሙ ይጣበቃል። አገር ቤት ተመልሳ ሥራ የምታመለክት ሴት ዲግሪዋ ላይ «ካናቢስ» ተብሎ ከተጻፈ ቀጣሪው ሌላውን ሳያነብ ይዘጋዋል። አናሊቲካል ኬሚስትሪ ከሆነ ግን የመድኃኒት ጥራት ቁጥጥር፣ በሰሊጥና በቡና ላይ የሚቀር የፀረ ተባይ ምርመራ፣ የፎረንሲክ ሥራ ሁሉ ይከፈትልሻል። ቡና ተፈልቶ ልባቸው ሲረጋ፣ የሚሰሟቸውን አጎት ወይም ጎረቤት አስቀምጠሽ፣ የ0.313ቷን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪያቸው። ሥራሽ የሰው ሰብል በሕግ ሚዛን ላይ አለፈ ወይስ አላለፈ ብሎ መመስከር መሆኑን ያዩታል። ባይቀበሉም ቢያንስ የሚቃወሙትን ነገር አውቀው ይቃወማሉ።

የወረቀቱን ጉዳይ ግን ከሁሉ አስቀድሚ፤ ብዙዎች የሚዘገዩት በዚያ ነው። የወጪ መጋራት ዕዳሽን ካልጨረስሽ ዋናውን ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ሬጅስትራር አይሰጥሽም፤ ቀሪውን ከደመወዝሽ የሚቆረጠውን አስልተሽ ክፈዪና የክሊራንስ ደብዳቤውን ያዢ። ትራንስክሪፕቱ በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው እንዲላክ ስለሚፈለግ የሚቀበሉትን መንገድ ቀድመሽ ጠይቂ፤ የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫም ደርበሽ አስጽፊ፣ ኬሚስትሪ ክፍሎች የላብ ሰዓትሽን ከእሱ ነው የሚቆጥሩት። ቶፌሉን በክረምት ተፈተኚ። የተቀበለሽ ዩኒቨርሲቲ አይ-20 የሚባለውን ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልግ ቅጽ ሲልክልሽ የሲቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት) ክፍያው 350 ዶላር፣ የቪዛው 185 ዶላር ነው፤ ከመክፈልሽ በፊት የኤምባሲውን ገጽ ከፍተሽ ደንቡ እንዳልተቀየረ እዪ፤ የቪዛው ክፍያ ቢከለክሉሽም አይመለስም።